አፍ ሲጣመም ሰዓት እዩ

ቅዳሜ ነበር፣ ግንቦት ላይ። የድሬን ግንቦት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከምሳ በኋላ ውጭ አይቆምም። አጎቴ ከጓደኞቹ ጋር በርጫ ላይ ነው። ፍራሹ ተነጥፏል፣ ቬንትሌተሩ ይዞራል፣ ሎዙም ውሃውም ቀርቧል። አጎቴ የውሃ ጠርሙሱን አነሳና ከእጁ አመለጠው። ጭኑ ላይ ፈሰሰ። እሱ ግን አላወቀም። ባዶ እጁ ጠርሙስ የያዘ ይመስል ወደ አፉ ሊሄድ ሞከረና መንገድ ላይ ቀረ። ሰዎቹ ሳቁ። «አቦ፣ ዛሬስ መርቅነሃል!» አሉት። ሊመልስላቸው ሲል ምላሱ ተሳሰረ። አሁንም ሳቁ።

ከዚያ አንዱ አፉ በቀኝ በኩል መውረዱን አየ። «ቬንትሌተሩ ነው፣ ንፋስ መቶት ነው» ተባለ። ቬንትሌተሩ ጠፋ፣ አንገቱ ላይ ፎጣ ተጠመጠመለት፣ «ትንሽ ይተኛና ይለቀዋል» ተባለ። ተኛ። እኛ ቤት ወሬው የደረሰው ከመግሪብ በኋላ ነው።

ሆስፒታል ስንደርስ ዶክተሯ መጀመሪያ የጠየቀችን «መቼ ጀመረው?» ብላ ነው። አንዱ ከዙሁር በኋላ አለ። ሌላው አሱር ሊደርስ ሲል ነው አለ። ሦስተኛው ተኝቶ ስለነበር አላየም። «እሺ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ ያየው ማነው? በስንት ሰዓት?» አለች። ዝም ተባባልን።

አጎቴን የመታው ስትሮክ ነበር። ይህን የምጽፈው በዚያ ዝምታ ምክንያት ነው። ሐኪም አይደለሁም። አስታማሚ ነኝ። ግን አልጋ ስር ቁጭ ብዬ ሐኪሞቹንም ፊዚዮቴራፒስቱንም በጥያቄ ስላሰለቸኋቸው፣ ያን ቀን ባውቀው ኖሮ የምለውን ነገር ሁሉ በተራ በተራ ላስቀምጠው።

ነገሩ ምንድነው

አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ነው። ከምንጠቀመው ኦክስጅን ግን 20 በመቶ ገደማውን ብቻውን ይበላል። ስንቅ የሚባል ነገር አያስቀምጥም። ደም ሲቋረጥበት በደቂቃዎች ውስጥ መሞት ይጀምራል። ስትሮክ ማለት ይኸው ነው፤ ወደ አንጎል የሚሄደው የደም ሥር ወይ ይደፈናል፣ ወይ ይፈነዳል።

የድሬ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። ውሃችን ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት ታውቁታላችሁ። ቧንቧውን ከውስጥ እያጠበበ እያጠበበ አንድ ቀን ጠብ አይልም። ደም ሥርም ግድግዳው ላይ ስብ እየተጋገረ ይጠባል፣ ከዚያ ትንሽ የረጋ ደም ትመጣና ትወትፈዋለች። አንዳንዴ የረጋው ደም የሚመጣው ከልብ ነው፤ በተለይ ልቡ ያለ ሥርዓት ለሚመታ ሰው። ሁለተኛው ዓይነት ደግሞ ግፊት ለዓመታት ሲደበድበው የኖረ ቀጭን ሥር ሲፈነዳ ነው።

ከውጭ ስታዩዋቸው ሁለቱም አንድ ናቸው። አፍ ይጣመማል፣ እጅ ይዝላል። ሕክምናቸው ግን ተቃራኒ ነው፤ ለአንዱ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይሰጣል፣ ለሌላው ያው መድኃኒት መርዝ ነው። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ሲቲ ስካን ነው። የጎረቤት ልምድ አይለየውም፣ የፋርማሲው ልጅም አይለየውም።

አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ሥራው እንግባ። የአንጎል ግራ ጎን የሚያዘው ቀኝ እጅና እግርን ነው፣ ቀኙ ደግሞ ግራውን። ቋንቋ በአብዛኛው ሰው ግራ በኩል ይቀመጣል። አጎቴ ቀኝ እጁና ንግግሩ አብረው የሄዱት ለዚህ ነው።

አንደኛ፦ ፈትሹት፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም

«ጥርስህን አሳየኝ» በሉት። ፈገግታው በአንድ በኩል ከቀረ አንድ ምልክት አገኛችሁ።

«እጅህን ዘርጋ» በሉት፣ ዱዓ እንደሚያደርግ ወይም እንደሚጸልይ ሰው መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ፣ ሁለቱንም እኩል። ዓይኑን ይጨፍን። እናንተ እስከ 10 ቁጠሩ። አንዱ እጅ ቀስ እያለ ከወረደ ወይም ጨርሶ ካልተነሳ ሁለተኛው ምልክት ነው።

አንድ ዓረፍተ ነገር ስጡትና ይድገምላችሁ። «ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ሙቀቱ ከባድ ነው» ይበቃል። ቃሉ ከተንሻፈፈ፣ ሌላ ቃል ካስገባ፣ ወይም የምትሉት ጭራሽ ያልገባው ከመሰለ ሦስተኛው ነው።

ከሦስቱ አንዱ በቂ ነው። ሁለት እስኪሆን አትጠብቁ። አንዳንዱ ደግሞ በእነዚህ አይታይም፤ በድንገት አንድ ዓይን ይጨልማል፣ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያል፣ ሚዛን ጠፍቶ እንደ ሰከረ ሰው ያንገዳግዳል፣ ወይም በሕይወቱ እንዲህ ዓይነት አይቶ የማያውቀው ራስ ምታት ድንገት ይፈርጠዋል። ዋናው ቃል «ድንገት» ነው። ስትሮክ ደህና የነበረን ሰው ከመሀል ወሬ ነው የሚነጥቀው።

አያምም የሚለውንም አስታውሱ። ብዙውን ጊዜ ሕመም የለውም። አጎቴ አንዴም «አመመኝ» አላለም፣ እጁ እንደዛለም አላወቀም። ስለዚህ ታማሚው «ደህና ነኝ፣ ተዉኝ» ቢላችሁ አትስሙት። አሁን የሚናገረው የተጎዳው አንጎል ነው።

«ገና ወጣት ነው» ማለትም አያዋጣም። እኛ አገር በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሰበብ የልብ ቫልቫቸው የተበላሸባቸው ወጣቶች ጥቂት አይደሉም፤ ከዚያ ቫልቭ የሚነሳ የረጋ ደም የ25 ዓመት ሰውም ይጥላል።

ሁለተኛ፦ ሰዓቱን ጻፉ

ስልካችሁን አውጡና ጻፉት። በቃላችሁ አትያዙት። በግርግር መሀል ይጠፋል፣ የኛ ጠፍቷል።

የሚጻፈው ምልክቱን ያያችሁበት ሰዓት ብቻ አይደለም። ሰውየው ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየበት ሰዓት ነው ትልቁ። ማታ 4 ሰዓት ላይ ደህና እደሩ ብሎ ተኝቶ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አፉ ተጣሞ ከተገኘ፣ ሰዓቱ የሚቆጠረው ከማታው 4 ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተነስቶ ሽንት ቤት ሲሄድ ሚስቱ አይታው ከነበረ ግን 9 ነው የሚጻፈው። አያችሁ፣ አንዲት ምስክር አምስት ሰዓት አተረፈችለት። ስለዚህ ቤት ያለውን ሰው ሁሉ ጠይቁ። በስልክ ያወራው ሰው ካለም የጥሪው ሰዓት ስልኩ ላይ አለ።

እዚህ ላይ የኛ አገር ችግር አለ፤ የአበሻ ሰዓትና የፈረንጅ ሰዓት። እናንተ «8 ሰዓት» ስትሉ ከቀኑ 8 ማለታችሁ ነው፣ ካርዱ ላይ የሚጻፈው ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ስድስት ሰዓት ተሳሳታችሁ ማለት ነው። «ከቀኑ 8 ሰዓት፣ በኛ አቆጣጠር» በሉ። «ከዙሁር በኋላ»፣ «ከቅዳሴ ስንመለስ» የሚባለውንም በቁጥር አድርጉት።

ለምን እንዲህ ታጨናንቀናለህ የሚል ካለ፣ በደም ሥር መደፈን የመጣ ስትሮክ በእያንዳንዱ ደቂቃ ወደ 1.9 ሚሊዮን የነርቭ ሴል ይገድላል። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ አራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ሰዓቱ ካልታወቀ ሐኪሙ ሊሰጠው ይፈራል፣ ምክንያቱም የሞተ ክፍል ውስጥ ደም ሊያፈስ ይችላል። የረጋውን ደም በቀጭን ቱቦ ገብቶ ማውጣትም አለ፤ ለተመረጡ ሰዎች እስከ 24 ሰዓት ድረስ ይሠራል። ሁለቱም ሕክምናዎች እኛ አገር በየሆስፒታሉ የሚገኙ አይደሉም። «እንግዲያው ምን አስሮጠን?» እንዳትሉ ግን። ቶሎ የደረሰ ሰው ስኳሩ፣ ትኩሳቱ፣ ትንፋሹ፣ ግፊቱ ይያዝለታል፣ ምግብ ወደ ሳንባው ከመግባቱ በፊት ይታያል፣ የፈነዳ ነው የተደፈነ የሚለውም ይለያል። ከሞቱ የሚያተርፈው ብዙ ጊዜ ይህ ተራ የሚመስለው ሥራ ነው።

ሦስተኛ፦ ደውሉ፣ ግን መንገዱን አስቡ

የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ስትደውሉ «ሰው ታሞብናል» አትበሉ። «ስትሮክ ይመስለናል፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነው የጀመረው» በሉ። ቀበሌ ብቻ ተናግራችሁ አትዝጉ፤ በአቅራቢያ ያለ መስጊድ፣ ቤተክርስቲያን ወይም ፋርማሲ በስሙ ጥሩ። አንድ ልጅ አስፋልት ላይ ይቁም።

ሐረር ጀጎል ውስጥ ከሆናችሁ መኪና ብዙው መንደር እንደማይገባ ታውቃላችሁ። የትኛው በር ላይ እንደምትገናኙ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ሸዋ በር ብሎ መጥቶ እናንተ ኤረር በር ብትጠብቁት ያ ሁሉ ደቂቃ የአንጎል ነው። በጠንካራ ብርድ ልብስ አራት ሰው ይዞ ወደ በሩ ማውረድ ይቻላል። በሸክም ሲወርድ አንገቱ እንዳይንጠለጠል አንዱ ይደግፈው።

አምቡላንስ ከዘገየ በእጅ ባለው መኪና ሂዱ። ቢቻል ሊተኛበት የሚችል መኪና ይሁን። ባጃጅ ብቻ ከተገኘም ባጃጅ ይሁን፤ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይግባ፣ የዛለው ጎን ያለው ሰው በደንብ ይደግፍ፣ እጁ ወደ ውጭ እንዳይንጠለጠል ይያዝ።

የት ነው የምትሄዱት? ድሬ ላይ ድል ጮራና ሳቢያን አሉ፣ ሐረር ላይ ሕይወት ፋናና ጀጎል ሆስፒታል፣ የግሎቹም አሉ። ጥያቄው «ሲቲ ስካኑ ዛሬ ይሠራል ወይ?» ነው። ማሽን ይበላሻል፣ መብራት ይጠፋል፣ ባለሙያ ማታ ላይኖር ይችላል። መኪና እየጠበቃችሁ አንዱ ይደውልና ይጠይቅ። ከድሬ ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ደንገጎን መውጣት አለ፤ ደርሶ «ማሽኑ ተበላሽቷል» ከመባል አንድ ስልክ ይሻላል። ራሱን እየሳተ ያለ ወይም ትንፋሹ የከበደ ሰው ከሆነ ግን ምንም ሳትመርጡ ቅርብ ያለው ድንገተኛ ክፍል ግቡ።

አራተኛ፦ መኪናው እስኪመጣ

እዚህ ላይ ከምትሠሩት የማትሠሩት ይበልጣል።

አስፕሪን አትስጡ። «ለልብ ጥሩ ነው» እያለ የሚያቀርብ ጎረቤት አይጠፋም። የፈነዳ ሥር ከሆነ ልትገድሉት ትችላላችሁ።

የግፊት መድኃኒትም አትጨምሩለት። ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ግፊቱን ለክታችሁ 190 ብታገኙት ትደነግጣላችሁ፣ አምሎዲፒን ትደራርቡለታላችሁ። በተደፈነ ስትሮክ ጊዜ ሰውነቱ ግፊቱን የሚጨምረው ደሙ በጠበበው መንገድ እንዲያልፍለት እየታገለ ነው። የሚያሟሟው መድኃኒት ካልተሰጠ ሐኪሞች ራሳቸው እስከ 220 በ120 ድረስ ሳይነኩት የሚቆዩበት ጊዜ አለ። በአንዴ ካወረዳችሁት የቀረውንም ታደርቁበታላችሁ።

ውሃ፣ ሻይ፣ ማር፣ ምንም አታጠጡ። ጉሮሮውም እንደ እጁ ዝሎ ሊሆን ይችላል፣ የጠጣው ሳንባው ውስጥ ይገባል። ዳማከሴም አፍንጫው ውስጥ አትጭመቁ። ምች አይደለም። «ጣቱን በመርፌ ውጉና ደም ይውጣ» የሚል መልእክት በስልክ ይዞራል፤ አጥፉት።

በጎኑ አስተኙት፣ በተለይ ካስመለሰው ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው። የአንገት ቁልፉን ፍቱ። ወልቆ የሚገባ ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለው አውጡ። ሰዉን ከክፍሉ አስወጡ፤ ድሬ ላይ አንድ ሰው ሲታመም ሰፈር ነው የሚገባው፣ አየሩም ሙቀቱም ለታማሚው ጠላት ይሆናል። በዛለው እጁ ግን ጎትታችሁ አታንሱት። ትከሻው ከቦታው ሊወልቅ ይችላል።

ስኳር ያለበት ሰው ከሆነና መለኪያው ቤት ካለ ለኩት። የስኳር ማነስ ስትሮክን ይመስላል፤ አፍ ያንተባትባል፣ አንድ ጎንም ሊያዝል ይችላል። ቁጥሩን ጻፉና ለአምቡላንሱ ሰው ንገሩ። ከ70 በታች ከሆነ፣ ሙሉ በሙሉ የነቃና ምራቁን ያለ ችግር የሚውጥ ከሆነ ብቻ ጣፋጭ ነገር ይሰጠዋል። ካልሆነ ባዶ አፉን ይሂድ፣ በደም ሥሩ ይሰጡታል።

የሚውጣቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ከነካርቶናቸው በፌስታል ያዙ። በተለይ ዋርፋሪን የሚባለውን ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከሆነ ይህን በር ላይ ተናገሩ።

«ለቀቀው» ሲባል

እዚህ ላይ ቆም እላለሁ፣ ምክንያቱም ከሁሉ የሚያናድደኝ ይህ ነው። አጎቴ ከዚያ ቅዳሜ 10 ቀን ያህል ቀድሞ ሱቅ ውስጥ ብር እየቆጠረ እጁ ለሩብ ሰዓት ደንዝዞበት ነበር። ከዚያ ለቀቀው። ለማንም አልተናገረም። «ተኝቼበት ነው» አለ ለራሱ።

ያ ትንሹ ስትሮክ ነው። የረጋችው ደም ወትፋ ነበር፣ ራሷ ሟሟች። ትልቁ ከኋላው ሊመጣ ይችላል፣ በተለይ በሚቀጥሉት 48 ሰዓታት ውስጥ። በአምስት ደቂቃ ቢለቅም ያኑ ቀን ሆስፒታል ይሂድ። ያን ጊዜ ነው ስትሮክን ማስቀረት የሚቻለው፤ ልቡ ይታያል፣ የአንገት ሥሩ ይታያል፣ ትክክለኛው መድኃኒት ይጀመራል። «አልሐምዱሊላህ ለቀቀው»፣ «ተመስገን ለቀቀው» ብላችሁ ቡና አታፍሉ። ወይም አፍሉ፣ እሱን ሆስፒታል ካደረሳችሁ በኋላ።

ጠበልም ዱዓም ይሂድ የሚል ቤተሰብ አለ፣ የኛም ነው። ማንም አይከለክልም። ቁልቢ ግን ነገም አለ፣ ቁርአኑም ሆስፒታል አልጋ አጠገብ ይነበባል። ሲቲ ስካን ግን ነገ ያው ሲቲ ስካን አይደለም።

አምስተኛ፦ ሆስፒታል በር ላይ

አንዱ ካርድ ያውጣ፣ ሌላው ከታማሚው አይለይ። ሁለታችሁም ካርድ መስኮት ላይ ከተሰለፋችሁ ታማሚው ወንበር ላይ እያዘነበለ ይጠብቃችኋል፤ እኛ 40 ደቂቃ የጠፋብን እንዲህ ነው። ገና ስትገቡ ነጭ ጋውን ለለበሰ ሁሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፦ «ስትሮክ ይመስላል፣ ለመጨረሻ ጊዜ ደህና የነበረው በዚህ ሰዓት ነው።» እዛው ዝም ብሎ መቆም ጨዋነት አይደለም።

ከዚያ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። «የተደፈነ ነው ወይስ የፈሰሰ?» እና «መዋጥ መቻሉ ታይቷል ወይ?» ሁለተኛው ካልተመለሰ ከቤት የመጣው ሾርባ ፌስታል ውስጥ ይቆይ። ጠያቂ አክስት በማንኪያ ስታጎርስ ሳንባ ምች ታስይዛለች፣ በፍቅር።

ስድስተኛ፦ ቤት ሲመለስ

ትልቁ ለውጥ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው። ከዚያ በኋላም ይሻሻላል፣ ዝግ እያለ። ስለዚህ «ይረፍ፣ አታድክሙት» የሚለው ደግነት ክፉ ነው። ፊዚዮቴራፒ በሳምንት ሁለት ቀን ከሄደ የቀሩት ቀናት የናንተ ናቸው። ያው እንቅስቃሴ፣ መቶ ጊዜ። አጎቴ ሎዝ ከሳህን ወደ ሳህን አንድ በአንድ በዛለው እጁ እያነሳ ይቆጥር ነበር። መጀመሪያ ቀን ሦስት ፍሬ አሻገረ።

መነሳት የማይችል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ጎን ይቀየርለት። በድሬ ሙቀት ላብና ላስቲክ ፍራሽ ሲገናኙ ቆዳ በቀናት ይላጣል። ወገቡንና ተረከዙን በየቀኑ እዩ፤ የቀላ ቦታ ካለ ተጭኖ አይተኛበት፣ አትሹትም።

ሲበላ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ አገጩን ትንሽ ዝቅ ያድርግ፣ ከበላ በኋላም ግማሽ ሰዓት አይተኛ። የሚገርመው ከወፍራሙ ቀጭኑ ነው የሚያንቀው። ውሃና ሻይ ትን ይሉታል፣ ወፈር ያለ አጥሚት ይወርድለታል። ምን ያህል ይወፍር የሚለውን መዋጡን ያየው ባለሙያ ይንገራችሁ።

ሲለብስ የዛለው እጅ መጀመሪያ ይግባ፣ ሲያወልቅ ደህናው መጀመሪያ ይውጣ። ከዘራው በደህናው እጅ ይያዝ። ደረጃ ሲወጣ ደህናው እግር ይቅደም፣ ሲወርድ የዛለው። ቀላል ነገር ነው፣ ግን እኛ ሦስት ሳምንት ከሸሚዝ ጋር ስንታገል የነገረን አልነበረም።

ንግግሩ ከሄደ አትጩሁበት። መስማት አልተሳነውም። አጎቴ «ውሃ» ማለት አቅቶት ሲያለቅስ ነበር። አንድ ጠዋት ግን እናቴ ፋቲሃን ስትጀምር ተቀበላትና አንድም ቃል ሳይስት እስከ መጨረሻው ቀራው። ቤቱ ዳነ ብሎ ጮኸ። ጨርሶ ውሃ ጠየቀ፣ በጣቱ። ለካ ለዓመታት በቃል የተያዘ ነገር፣ ጸሎት፣ ዘፈን፣ ቁጥር፣ አዲስ ዓረፍተ ነገር ከሚሠራበት መንገድ በሌላ መንገድ ነው የሚመጣው። አቡነ ዘበሰማያትን የሚወጣ ሰው የልጁን ስም ሊያጣ ይችላል። ተስፋ ነው፣ በእሱ ጀምሩ፤ ግን «እየቻለ ነው እምቢ የሚለው» እንዳትሉት። አዎና አይ የሚመለስ ጥያቄ ጠይቁት። «ውሃ ልስጥህ ወይስ ሻይ ወይስ ትተኛለህ?» ብላችሁ አትደርድሩበት።

ያለ ምክንያት ማልቀስ ወይም መሳቅም አለ፣ የጉዳቱ አካል ነው። ከስትሮክ ከተረፉት ሲሶ ያህሉ ድብርት ያገኛቸዋል። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የሚውል ከሆነ ስንፍና አትበሉት፣ ለሐኪሙ ንገሩ። መድኃኒት አለው።

ሰባተኛ፦ ያልታመማችሁት

ግፊት ለኩ። ስትሮክን የሚያመጣው ትልቁ ነገር ግፊት ነው፣ ምንም ስሜት የለውም። «ራሴን ሲያመኝ አውቀዋለሁ» የሚሉ አሉ። አያውቁትም።

ስትለኩ ሽንታችሁን ሽኑ፣ አምስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፣ ጀርባችሁ ይደገፍ፣ እግር መሬት ይርገጥ፣ ክንዳችሁ በልብ ትይዩ ይሁን። ከዚያ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡናም ሲጋራም አይኑር። ሁለቴ ለኩ፣ በመሀል አንድ ደቂቃ ጠብቁ። በተለያየ ቀን ደጋግሞ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ካሳየ ግፊት አለባችሁ። ምርቃና ላይ ሆናችሁ የለካችሁት ግን የእናንተ ቁጥር አይደለም፤ ጠዋት ለኩ።

ስለ ጫት እንግዲህ። ድሬ ላይ ቁጭ ብዬ፣ የጫት ገበያው አወዳይ አፍንጫዬ ስር ሆኖ፣ «ጫት ይቅር» ብል ማን ያነበኛል? እውነቱን ግን ልንገራችሁ። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው፤ ልብ ያፈጥናል፣ ደም ሥር ያጠብባል፣ ግፊቱን ለሰዓታት ሰቅሎ ያቆየዋል። ሲጋራው አብሮ አለ፣ እንቅልፉ የለም፣ ማታ ጨብሲው ይከተላል። ግፊት ያለበት ሰውና አንዴ ስትሮክ የመታው ሰው ይተወው። እዚህ ላይ ድርድር የለኝም። ሌላው የራሱን ያስላ።

የግፊት መድኃኒት ሲሻል አይቆምም። የተሻለው በመድኃኒቱ ነው። በረመዳንም በጾምም ሰዓቱ ይስተካከላል እንጂ አይተውም፤ ከጾሙ በፊት ሐኪሙን ጠይቁ። ጨው በቀን ከ5 ግራም በታች ይሁን፣ አንድ የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው፣ ወጡም ዳቦውም ተደምሮ። በጨው የሚጠጣው ሆጃም ይቆጠራል፣ ይቅርታ የሐረር ሰዎች። እግራችሁን በሳምንት 150 ደቂቃ አንቀሳቅሱ። ድሬ ላይ ይህ ወይ ጠዋት 12 ሰዓት ነው ወይ ፀሐይ ከገባች በኋላ፤ ሌላው ሰዓት እግር ጉዞ አይደለም፣ ቅጣት ነው።

መጨረሻ፦ ወረቀቱን አዘጋጁ

አንድ ወረቀት ላይ 907ን ጻፉ። መኪና ያለው ጎረቤት ስልክ፣ ሌሊት የሚያነሳ የባጃጅ ልጅ ስልክ፣ የሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ስልክ ጨምሩ። የእያንዳንዱ አዋቂ መድኃኒት ስምና መጠን፣ አለርጂ ካለ እሱም ይጻፍ። የጤና መድህን ደብተሩ የት እንደተቀመጠ ይጻፍ። ታች ላይ ባዶ መስመር ተዉ፦ «ለመጨረሻ ጊዜ ደህና የታየው ___ ሰዓት፣ ያየው ___።»

የኛ ወረቀት ፍሪጁ ጎን ተለጥፏል። የመድኃኒቶቹን ስም የጻፈው አጎቴ ነው፣ በግራ እጁ። አምሎዲፒን የሚለው ቃል ብቻ ሁለት መስመር ፈጅቷል፣ ፊደሉ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ተንጋዷል። ባለፈው የአክስቴ ልጅ በኮምፒውተር ጽፋ በጥሩ ወረቀት አትማ ልትቀይረው ስትነቅል አየና ከዘራውን አነሳባት።